ፕሮፔለሩ ብቻውን አይደለም የሚጮኸው

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሰሞን "የድሮን ጩኸት የፕሮፔለሩ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ያለው ነገር ነው የሚያብሰው" ብዬ ሁለት መስመር ለጥፌ ነበር። ኢንቦክሴ ሞላ። አንዱ የድሮ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ታዲያ አጠገቡ ያለውን እንንቀለው?" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ወንድሜ፣ በዚህ ዘመን ድሮን ድሮን ባትል ይሻልሃል" ብሎ መከረኝ። ምክሩን አልናቅኩትም። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ስለ ድሮን ድምፅ መጻፍ የቪዲዮ ቀረጻ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከተለያየ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች እዚህ ከተማ አሉ፤ ልጆቻቸው እኛ ክፍል ይማራሉ። ፖለቲካውን ለሚችሉት ትቼ እኔ የማውቃትን ልጻፍ። በዲፕሎማ የማስተምር የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ የአውሮፕላን መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ነገሩ ከኒውተን ሕግ ብዙም አይርቅም፤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ላልወሰዳችሁ ማለቴ ነው።

ጉዳዩ የተነሳው እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ አሁን የሠርግና የምረቃ ቪዲዮ ቀራጭ ሆኗል። (ፈቃድ አለው ወይ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አለው፤ ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ።) አምና ግቢያችን ውስጥ በነበረ ዝግጅት ላይ ድሮኑን ሲያስነሳ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ክፍል ገባችና ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠች። መጀመሪያ የሳቁ ልጆች ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ማንም አልሳቀም። ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ካልነገረችኝ በቀር ወደፊትም አልጠይቃትም። ቀራጩ ልጅ ግን ክፉኛ ደነገጠ። ማታ ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቲቸር፣ ይሄን ነገር ድምፁን ማጥፋት አይቻልም እንዴ?"

ማጥፋት አይቻልም አልኩት። የሚቀነስበት መንገድ ግን አለ። ለዚያ መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዲት አነስተኛ ድሮን አየር ላይ ቆማ ፕሮፔለሯ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። በሰከንድ 100 ዙር መሆኑ ነው። ፕሮፔለሩ ሁለት ክንፍ ካለው በሰከንድ 200 ጊዜ አየሩን ይገፋል፤ ጆሯችንም 200 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ ይሰማል። መሠረቱ ይኼ ነው። ክንፉ ብቻውን፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ንጹሕ አየር ውስጥ ቢዞር አብዛኛው ድምፅ እዚህችው 200 ኸርዝ አካባቢ ይቀር ነበር፤ በዚያ ላይ ትንሽ የንፋስ "ሽሽሽ" ይጨመርበታል።

(በነገራችን ላይ የእኛ ደጋነት ራሱ ነገሩን ያብሰዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ድሮኗ ደግሞ ክብደቷ ያው ነው። ስለዚህ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፕሮፔለሯ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት። ያቺው ድሮን ጅቡቲ ወደብ ላይ 200 ኸርዝ ብታሰማ እኛ ጋ 230 ታሰማለች ማለት ነው። የክንፉ ጫፍ ፍጥነት ሲጨምር ጩኸቱ ቶሎ ይጨምራል። ስለዚህ "የእኛ አገር ድሮን ለምን ባሰ?" ላላችሁኝ አንዱ መልስ ይኼው፤ ብርዱ ብቻ አይደለም የከፍታችን ዕዳ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፕሮፔለሩ አየር ላይ ብቻውን አይንሳፈፍም። ሞተሩን የሚሸከም ክንድ አለ፤ ክንዱ ደግሞ ከፕሮፔለሩ ሥር፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል። ክንፉ በዞረ ቁጥር በዚህ ክንድ አናት ላይ ያልፋል። ሲያልፍ ምን ይፈጠራል?

የአዲስ አበባን መንገድ ዳር ይዛችሁ ስትሄዱ አይሱዙ አጠገባችሁ ሽው ብሎ ሲያልፍ አስቡት። አልነካችሁም። ግን አየሩ መጀመሪያ ገፋ፣ ቀጥሎ ሳብ ያደርጋችኋል፤ ነጠላችሁም ይርገበገባል። አይሱዙው በሦስት ሜትር ርቀት ካለፈ ብዙም አይሰማችሁም። በአንድ ክንድ ርቀት ካለፈ ልባችሁ ቀጥ ይላል። የድሮኑ ክንድ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ነው፤ ክንፉ አይሱዙው። ልዩነቱ፣ ይኼ አይሱዙ በሰከንድ 200 ጊዜ ነው የሚያልፈው። አራት ክንድ ስላለ በድምሩ በሰከንድ 800 ጊዜ። ያ የቆመ ክንድ በየጊዜው ሲገፋና ሲሳብ እሱ ራሱ ድምፅ አመንጪ ይሆናል። አይዞርም፣ ሞተር የለውም፣ ግን ይጮኻል። ኒውተን ደግሞ አንድ ወገን ብቻውን አይገፋም ይለናል፤ ክንፉም በክንዱ አጠገብ ባለፈ ቁጥር የሚሸከመው ጫና ለቅጽበት ይዛባል። ሁለቱም ወገን ድምፅ ያወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ክንዱ የሚጨምረው ያንን ወፍራሙን 200 ኸርዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን ምቱ በጣም አጭር ናት። አጭር ምት ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይዛ ትመጣለች፦ 400፣ 600፣ 800፣ 1,000 እያለች እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ ትወጣለች። እጃችሁን በቀስታ ብታገናኙ ድምፅ የለም፤ ብታጨበጭቡ ግን ሹል ድምፅ ይወጣል፤ እጁ ያው እጅ ነው። ጆሯችን ደግሞ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን ከሁሉ አብልጦ ይሰማል፤ የሕፃን ለቅሶ ጉልበት የሚያገኘውም እዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ክንዱ የሚጨምረው ድምፅ በመሣሪያ ሲለካ ትንሽ ቢመስልም፣ የገባው ጆሯችን አላስችል የሚልበት ቦታ ነው።

ይኼን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። አሜሪካ ውስጥ የናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል ሰዎች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 አንድ የድሮን ፕሮፔለር ሥር ዘንግ እያስጠጉና እያራቁ ለክተዋል። ዘንጉ በቀረበ ቁጥር ድምፁ ጨመረ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ማዕከል፣ ሌሎች ተመራማሪዎች የድሮንና የመኪና ድምፅ ለሰዎች አሰምተው ነበር። ድምፃቸው በመለኪያ እኩል ሆኖ እንኳ ሰዎቹ የድሮኑን የበለጠ የሚያናድድ ሆኖ አገኙት። እነዚያ ሰዎች እንግዲህ ድሮን ሲሰሙ ጠረጴዛ ሥር የሚገቡበት ምክንያት የሌላቸው ናቸው።

ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ክንዱ ከሥር ከሆነ አየሩ ክንፉን ካለፈ በኋላ ነው ክንዱን የሚያገኘው። ክንዱ፣ አካሉ ወይም ጭራው ከፊት ሆኖ ፕሮፔለሩ ከኋላ ከሆነ ግን፣ አየሩ መጀመሪያ በዚያ ነገር ተረብሾ ነው ወደ ፕሮፔለሩ የሚደርሰው። ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ከኋላው ውኃው እንዴት እንደሚዝል አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ክንፉ በእያንዳንዱ ዙር ወደዚያ ወደ ዛለው አየር ሲገባ ጫናው ይቀየራል፤ ሲወጣ እንደገና ይቀየራል፤ ሌላ ምት። ፒያጆ አቫንቲ የምትባል የጣሊያን አውሮፕላን አለች፤ ሁለቱ ፕሮፔለሮቿ ከክንፏ ኋላ ናቸው። የክንፏን የተረበሸ አየርና የሞተሯን ጭስ እየቆረጡ ስለሚዞሩ፣ ድምፅዋን አንዴ የሰማ ሰው ሳያያት ይለያታል። ትልልቆቹ ሰው አልባ አውሮፕላኖችም ብዙዎቹ ፊታቸውን ለካሜራ ትተው ፕሮፔለሩን ከኋላ ነው የሚያደርጉት።

ቤት ውስጥ መሞከር ለምትፈልጉ፦ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ክፈቱ። ሽቦውን እንዳትነቅሉ፣ አደራ! ሽቦው እንደተገጠመ ከኋላ በኩል፣ አየር በሚስብበት፣ አንድ ሰፋ ያለ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ያዙ። ድምፁ ይቀየራል፤ "እምም" የሚል ነገር ይገባበታል። ማስመሪያውን ስታርቁ ይጠፋል። አልሰማሁም ያለ ሰው ቬንትሌተሩን አንድ ደረጃ ይጨምር።

እኛ ትምህርት ቤት ያደረግነው ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ቀራጩ ልጅ ከወደቀች ድሮን የተረፈ አንድ ሞተርና ፕሮፔለር ሰጠኝ። ሞተሩን ሞርሳ ላይ አሰርነው፣ ፊት ለፊቱ ወፍራም ፕላስቲክ ጋረድን፣ ልጆቹን አራቅናቸው። (ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ይኼን የምታነቡ የአሁን ተማሪዎቼ፣ ብቻችሁን እንዳትሞክሩት።) ከፕሮፔለሩ ጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አቆምን፤ አራት ጣት፣ ሁለት ጣት፣ አንድ ጣት እያልን አስጠጋነው። ፊፎክስ የምትባል ነፃ የስልክ አፕ አለች፤ ድምፁን በኸርዝ ዘርዝራ ታሳያለች። ቱቦው አራት ጣት ላይ ሳለ ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም እንጨት የመሰለ መስመርና ጥቂት አጫጭሮች ነበሩ። አንድ ጣት ላይ ሲደርስ አጫጭሮቹ ተራ በተራ ብድግ ብድግ አሉ። ክፍሉ በሙሉ "እንዴ!" አለ። አሥር ዓመት ሙሉ ሞገድን በጠመኔ ሳስተምር "እንዴ" ያለኝ ተማሪ አልነበረም።

ከዚያ ጨዋታ አደረግነው። ዓይን ጨፍኖ፣ ቱቦው ቅርብ ነው ሩቅ ነው ብሎ መገመት። ያቺ ልጅ በር አጠገብ ነበር የተቀመጠችው፤ ሞተር እንደምናስነሳ ቀድሜ ነግሬያት ካልፈለገች መውጣት እንደምትችል አስማምተናል። አልወጣችም። ተራዋ ሲደርስ አሥር ጊዜ ጠየቅናት፣ አሥሩንም መለሰች። ከክፍሉ ሌላ ማንም አልቻለም፤ እኔም ስድስት ነው ያገኘሁት።

ቆይታ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሩቅ ሲሆን ግን ቀጭኑ ድምፅ ለምን አይሰማም?"

ጥያቄው የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱ ግን አለ። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ይኼ ለወፍራሙም ለቀጭኑም እኩል ነው። ከዚያ በላይ ግን አየሩ ራሱ ድምፅ ይበላል፤ ቀጭኑን ደግሞ ከወፍራሙ አብልጦ ነው የሚበላው። ስለዚህ ሩቅ ያለ ነገር ወፍራሙ ብቻ ይደርሰናል። የሩቅ ወፍጮ ቤት "ዱግ ዱግ" ብቻ እንደሚለው ማለት ነው፤ ስንቀርብ ነው ጭርጭርታው የሚሰማው። "ታዲያ ቀጭን ከሆነ ቅርብ ነው፤ የሠርግ ነው ማለት ነው?" አለች። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም አልኳት። የማላውቀውን ነገር አረጋግጬ ልጅቷን ላረጋጋት አልፈለግኩም። ደብተሯ ላይ "ብዙ ጊዜ" የሚለውን አስምራበት ጻፈችው።

አሁን ስለ ግድግዳው ላውራ፤ የግቢያችን ጉዳይ እሱ ነውና። ክፍሎቻችን በኤል ቅርፅ የተሠሩ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው፤ አምና ድሮኗ የተነሳችው በትክክል ማዕዘኑ ላይ ነበር። ግድግዳ ድምፁን ይመልሳል፤ ቀጥታ የመጣውና ተመልሶ የመጣው ሲደመሩ አንዳንዱን ድምፅ ያጎላሉ፣ አንዳንዱን ያጠፋሉ፤ ድሮኗ ስትንቀሳቀስ ደግሞ የሚጎላውና የሚጠፋው ይቀያየራል። ያ "ዊው ዊው" የሚለው ነገር አንዱ ምንጩ ይኼ ነው። (ሌላው ምንጭ አራቱ ፕሮፔለሮች እኩል አለመዞራቸው ነው፤ አንዱ 200፣ ሌላው 203 ኸርዝ ቢል በሰከንድ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል።)

የግድግዳው ሌላ ጉዳት ግን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ፕሮፔለሩ ወደ ታች የሚተፋው ንፋስ መሬት መትቶ ይዘረጋል፣ ግድግዳ ሲያገኝ ሽቅብ ይወጣል፣ ዞሮ ከላይ ወደ ፕሮፔለሩ ይመለሳል። ድሮኗ የራሷን የተረበሸ አየር መልሳ ትማጋለች ማለት ነው። ክንፉ በእያንዳንዱ ዙር የተለያየ አየር ስለሚያገኝ ድምፁ ይሻክራል። ተመራማሪዎች እንኳ ዝግ ክፍል ውስጥ ፕሮፔለር ሲለኩ ይኼ ነገር ልኬታቸውን እንደሚያበላሽባቸው ያውቃሉ። ሠርግ ላይ ዳስ ውስጥ ድሮን የሚያበሩ ልጆች አሉ። ሸራው ድምፁን ያን ያህል አይመልስም ይሆናል፤ አየሩ ግን ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፣ ወጡም ላይ አቧራ ይራገፋል። እባካችሁ ዳስ ውስጥ በእጅ ካሜራ ቅረጹ።

ወደ ልጁ ድሮን እንመለስ። ከሠርግ ሠርግ ሲሄድ ያልጨመረባት ነገር የለም። ማታ እንድትታይ በየክንዱ ላይ ትንንሽ መብራት በፕላስተር ጠምጥሞባታል፤ ልክ ክንፉ በሚያልፍበት ሥር። ክንዱ ወፈረ፣ ወደ ክንፉም ቀረበ፤ የአይሱዙውን መንገድ አጠበበው ማለት ነው። እግሯ ላይ ማስረዘሚያ ገጥሞባታል። ዙሪያዋን ደግሞ የፕሮፔለር መከላከያ ቀለበት አድርጎላታል፤ ቀለበቱን የሚይዙት ዘንጎች ክንፉ ጫፍ አጠገብ ናቸው፣ የክንፉ ጫፍ ደግሞ ከሁሉ ፈጣኑ ክፍል ነው። እሱ ግን ኢንተርኔት ላይ ተሻለ የተባለ ውድ ፕሮፔለር ሊገዛ ነበር። የተሻለ ፕሮፔለር ጥቅም የለውም አልልም፤ ዲጄአይ የተባለው ድሮን አምራች ራሱ በ2017 ማቪክ ፕሮ ፕላቲነምን ሲያወጣ ፕሮፔለሩንና የሞተር መቆጣጠሪያውን አሻሽሎ እስከ 4 ዴሲቤል ቀነስኩ ብሏል። ግን ክንዱ ላይ ፋኖስ አንጠልጥሎ ፕሮፔለር መቀየር ቆሻሻ ገላ ላይ ሽቶ እንደ መርጨት ነው።

መብራቶቹን ከክንዱ አንስቶ ሆዷ ሥር አደረጋቸው። የእግር ማስረዘሚያውን ፈታው። በቀለበቱ ላይ ግን ተከራከርን። እሱ ሁሉንም ላንሳው አለ፤ እኔ ሰው አጠገብ ከሆነ አይሆንም አልኩ። ጩኸት ያስደነግጣል፣ ክንፍ ግን ዓይን ያጠፋል። በመጨረሻ የተስማማነው፣ ሰው ካለበት ርቆ ሜዳ ላይ ሲያበር ቀለበቱን ያነሳል፣ ሌላ ጊዜ ይለብሳል በሚል ነው። መነሻዋንም ከማዕዘኑ ወደ ኳስ ሜዳው መሃል አዛወርናት። ከ10 ሜትር ወደ 40 ሜትር መራቅ ብቻውን 12 ዴሲቤል ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። እና አሁን ከማስነሳቱ በፊት በማይክ "ድሮን ልናስነሳ ነው፣ የቀረጻ ነው" ብሎ ይናገራል። ይኼኛው ፊዚክስ አይደለም፤ ከሁሉ የረዳው ግን እሱ ይመስለኛል።

የሚቀረን ሙከራ አለ። ክንፉ ክንዱን በጠቅላላ ርዝመቱ በአንድ ቅጽበት ከሚያልፈው፣ ክንዱ ትንሽ ጠመም ቢል ወይም ክንፉ ማጭድ ቢመስል፣ እንደ መቀስ ቀስ በቀስ ያልፈዋል። ማስመሪያን በጠፍጣፋው ጠረጴዛ ላይ ብትመቱት ይጮኻል፤ በአንድ ጫፍ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ብታስተኙት አይጮኽም። ምቷ ስትረዝም ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይቀንሳሉ። ይኼን ለማየት የተለያየ ቅርፅ ያላቸው ፕሮፔለሮች ያስፈልጉናል። የወደቀ፣ የተቃጠለ፣ ውኃ የገባበት ድሮን ቤታችሁ የተቀመጠ ካለ አትጣሉት። በተለይ አዲስ አበባ ያላችሁ ቀራጮች፣ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው ስታገኙ ላኩልን። ሞተሩ ባይሠራም ፕሮፔለሩ ይጠቅመናል። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ወጥቼ እቀበላለሁ።